ደጃፍ በኩል ያለው ቦታ

«ሰው አለው?» አለ አንድ ጎረምሳ፣ በሚኒባሱ የኋላ ወንበር ላይ ከአቶ ወርቅአገኘሁ ጎን ያለውን ባዶ ቦታ እያየ።

«አለው» አሉ አቶ ወርቅአገኘሁ።

ሰው አልነበረውም። የሁለት ሰው ከፍለው የያዙት ራሳቸው ናቸው፤ ረዳቱም ያውቃል። ሽማግሌው በደብረ ብርሃን ብርድ ጎህ ሳይቀድ ተነስተው፣ ጥርስ በሚያንገጫግጭ ውሃ ገላቸውን ታጥበዋል፤ ከውስጥ እስከ ውጭ ልብስ ቀይረዋል፤ ያም ሆኖ ልባቸው አላመነም። ሰው የራሱን ሽታ አያውቅም ይባላል፤ እሳቸው ግን ከቅርብ ዓመታት ወዲህ ከራሳቸው ሽታ ሌላ የሚያውቁት ነገር ያለ አይመስላቸውም። ጋቢያቸውን እስከ አፍንጫቸው ተከናንበው መስኮቱን ተጠጉ። መኪናው ሞልቶ የአንኮበርን መንገድ ሲይዝ ከፊታቸው የተቀመጡ ሁለት ሴቶች ወሬያቸውን ጀመሩ። አንደኛዋ ደልደል ያለች፣ ጥቁር ሻርፕ ያሰረች ናት። ጓደኛዋ ነገሩ ባስደነቃት ቁጥር «ወለተሐና ትሙት በይ!» ስለምትላት፣ ገና ከተማው ሳያልቅ ስሟን ያልሰማ ተሳፋሪ አልነበረም።

«ወንድሙን ቀብሮ፣ አፈሩ ሳይደርቅ መኪና ይዞ ቤቱ የሚገባ ሰው ሰምተሽ ታውቂያለሽ?» አለች ወለተሐና።

«ማነው ደግሞ?»

«የጋሽ ታከለ ወንድም ነዋ! የብርድ ልብስ ፋብሪካ ጡረተኛው። ትናንት ከቀብር መልስ ድንኳን ውስጥ ቁጭ ብሎ ቆይቶ፣ ፍራሽ መነጠፍ ሲጀምር ብድግ። አንዲት እንባ አልጣለም አሉ። ውሃ እንኳ አልቀመሰም።»

«ወለተሐና ትሙት በይ! ቂም ይሆናላ።»

«ቂም ነው እንጂ። ጋሽ ታከለስ ቢሆኑ የሰውዬው ሚስት ስትሞት መች አደሩ? አልጋ ቤት ይዘው ነው ያደሩት። ሁለቱም ያው ናቸው። ዘመድ ከዘመዱ፣ አህያ ካመዱ።»

አቶ ወርቅአገኘሁ ሳል መጣባቸውና ዋጡት። ቢስሉ ዞር ይላሉ፣ ዞር ካሉም የትናንቱን ሰውዬ በአካል ያገኙታል።

ነገሩ እንዲህ ነው። በዚህ አገር ለቅሶ ቤት ማደር ከመቅበርም ይበልጣል። ለቀብሩ ጎረቤትም ይመጣል፣ መንገደኛም ቆም ብሎ አፈር ይመልሳል። ማደር ግን የሥጋ ዘመድ ድርሻ ነው፤ ሠልስቱ እስኪወጣ ድረስ ድንኳን ውስጥ፣ ገለባ ላይ በተነጠፈ ፍራሽ፣ ትከሻ ለትከሻ ገጥሞ መተኛት። ድንኳኑን ጥሎ የሄደ ወንድም በሬ ቢያርድ እንኳ አይቆጠርለትም። ይህን ሕግ ደግሞ ከማንም በላይ አጥብቀው የያዙት ራሳቸው አቶ ወርቅአገኘሁ ነበሩ። ባለቤታቸው አዛለች በሞተች ጊዜ ታላቅ ወንድማቸው ታከለ ከአንኮበር መጥቶ ቀበረ፣ አለቀሰ፣ ደረቱን መታ። ፍራሽ መነጠፍ ሲጀምር ግን ዱላውን አንስቶ መናኸሪያው አጠገብ ወዳለ አልጋ ቤት ሄደ። በማግስቱም እንዲሁ። አቶ ወርቅአገኘሁ ምክንያቱን አልጠየቁም። የአዛለችን ለቅሶ ንቆ ነው አሉ፣ በዚያው ያዙት። ለፋሲካ የላከውን ማር መለሱበት፤ ሲደውል ስልኩን አላነሱለትም። ቂም ይዞ ጸሎት፣ ሳል ይዞ ስርቆት እንዲሉ፣ እሑድ እሑድ ቤተ ክርስቲያን እየሳሙ ቂሙን ግን እንደ ጥሪት አስቀመጡት። ዛሬ ሴቶቹ ያንኑ ቂም አገላብጠው ለእሳቸው ሲሰፍሩላቸው፣ በሰፈሩት ቁና መሰፈር አይቀርም ብለው አንገታቸውን ደፉ።

በሽታው የመጣባቸው ከአዛለች ሞት በኋላ ነው። መጀመሪያ ሌሊት ሌሊት መነሳት በዛ፤ ቀጥሎ መነሳቱ ቀረና ማለዳ ፍራሹን ረጥቦ ማግኘት መጣ። ሐኪሙ ፕሮስቴት ነው አላቸው። ኪኒን አዘዘላቸው፤ ከሰዓት በኋላ የሚጠጣ ነገር ይቀንሱ፣ ሳይተኙ በፊት ደጋግመው ይውጡ፣ ሌሊትም የሚቀሰቅስዎት ሰው ይኑር ብሎ በደግ አፍ መከራቸው። የመጨረሻውን ምክር አልሰሙትም። ቤት ውስጥ አብራቸው ያለችው ልጃቸው ፅጌረዳ ናት፤ ይህ ደግሞ ለሴት ልጅ የሚነገር ነገር አይደለም። እናም ከአንሶላው ሥር ላስቲክ አነጠፉ፤ አፈ ሰፊ ጠርሙስ ከአልጋው ሥር ደበቁ፤ ልጅ ሳሉ እናታቸው ታደርግ እንደነበረው ሽታውን እንዲያለዝብ ከፍራሹ ሥር አሪቲ ጎዘጎዙ። የረጠበውን አንሶላ ገና ሳይነጋ ጓሮ ያሰጡታል። ማታ ታጥቦ፣ ደርቆ፣ ታጥፎ አልጋቸው ላይ ያገኙታል። ማን አጠበው ብለው ጠይቀው አያውቁም፤ ፅጌረዳም አታነሳውም። አባትና ልጅ በአንድ አንሶላ ዙሪያ እንደ ሌባ እየተደባበቁ ይኖራሉ። ዛሬ ጠዋት ቦርሳቸውን ስታቀብላቸው በጋዜጣ የተጠቀለለ ለስላሳ ነገር ጨምራበት ነበር።

«አባዬ፣ ዛሬ እዚያው እደር» አለቻቸው፣ ዓይናቸውን ሳታይ። «እኔም ነገ ከሥራ አስፈቅጄ እመጣለሁ። የገዛ ወንድምህ እኮ ነው።»

«ብርዱ አይስማማኝም።»

«ብቻ ይዘኸው ሂድ።»

አንኮበር ሲደርሱ ጉሙ ከቆላው ሽቅብ ወጥቶ ቤቶቹን ውጧቸዋል። አቶ ወርቅአገኘሁ ሴቶቹን አስቀድመው፣ በዱላቸው መሬቱን እየዳሰሱ ወደ ታከለ ቤት የሚያወርደውን ቁልቁለት ያዙ። አጥሩ በር ላይ ሲደርሱ ከኋላቸው ሰው ጉሮሮውን ጠረገ። «እህህ» የምትል፣ ሳብ ያለች። ታከለ ሰው ቤት ሲገባ ሁልጊዜ እንደዚያ ነበር የሚያደርገው፤ ውሻውም ቤተሰቡም እንዲያውቁት። አቶ ወርቅአገኘሁ ዞር አሉ። ጉም ብቻ ነው። ትናንትም መቃብሩ አፋፍ ላይ ሰምተውታል፤ ያን ጊዜ ከቀባሪው አንዱ ነው ብለው አልፈውት ነበር። ዛሬ ግን ከኋላቸው ሰው የለም። ዕድሜ ነው፣ ጆሮ ይዘባርቃል ብለው ገቡ።

ድንኳኑ ውስጥ ከላይ ከራስጌው የተቀመጡት አቶ ገብረመንፈስቅዱስ ናቸው፣ የአጎታቸው ልጅ። እኚህ ሰው ምላሳቸው ከምላጭ ይሰላል፤ ማን የት እንደሚቀመጥ፣ ማን ስንት ጊዜ እንዳለቀሰ የሚያውቁ እሳቸው ናቸው። ቤታቸው ከአጥሩ ወዲያ ስለሆነ፣ ሲመሽ «ላሞቼን የሚያስገባልኝ የለም» ብለው ይሄዳሉ፤ ማንም ቅር አይለውም። አቶ ወርቅአገኘሁን ሲያዩ «መጣህ ወርቄ? እኛስ መኪናው ይዞህ አዲስ አበባ የገባ መስሎን ነበር» አሉ። የሳቀ የለም። ጥግ ላይ የተቀመጠችው ወለተሐና ሽማግሌውን አየች፣ የሚኒባሱን ጋቢ አወቀችው፣ ሻርፗን አፏ ላይ አደረገች። ከዚያ በኋላ ቀኑን ሙሉ ዓይኗን ከመሬት አላነሳችም።

ንፍሮ ቀረበ። ጨው ተነስንሶበታል፤ አቶ ወርቅአገኘሁ ጥቂት ቆረጠሙ፣ ምላሳቸው ላንቃቸው ላይ ተጣበቀ። ሻይ መጣ፣ ይቅርብኝ አሉ። ጠላ መጣ፣ በእጃቸው መለሱ። ውሃ መጣ፣ ደህና ነኝ አሉ። ዛሬ ለማደር ገና አልቆረጡም፤ ምናልባት ካደሩ ግን ሆዳቸው ባዶ መሆን አለበት። ከሰላ ድንጋይ የመጡ እንግዶች ስለ ባቄላው ውርጭ፣ ስለ ማዳበሪያው ዋጋ፣ ድንጋጌ ከሚባለው ሰፈር ስለተሸጠች በቅሎ ያወራሉ። ከአልዩ አምባ ሽቅብ የወጡ የታከለ ወዳጆች ገብተው ዱዓ አደረጉ፣ እጃቸውን ዘረጉላቸው። ሰው ሲያጽናናቸው አቶ ወርቅአገኘሁ «እግዜር ያጥናን» ይላሉ እንጂ እንባ ከየት ይምጣ? እንባም ውሃ ይፈልጋል። ከኋላቸው አንዲት ሴት ለሌላዋ «የወንድሙን ቤት ውሃ እንኳ ተጸየፈ» ስትል ጥርት አድርገው ሰሙ። ተነስተው «ጠምቶኛል፣ እንዴት እንደጠማኝ ብታውቂ» ሊሏት ቃጣቸው። አላሉም።

ከሰዓት በኋላ ከለሚ ሌሎች ዘመዶች ደረሱ፤ የሚያድረው ሰው በዛ፣ መኝታ አነሰ። ሴቶቹ ከየጎረቤቱ ፍራሽና ብርድ ልብስ ሰበሰቡ። አንዷ ታከለ ይተኛበት ወደነበረው ጓዳ ስታመራ፣ ከጠዋት ጀምሮ ኩርምት ብለው የተቀመጡት ባለቤቱ እትዬ አልታየች ከየት ባገኙት ጉልበት ብድግ ብለው በሩ ላይ ተገተሩ።

«የእሱን ፍራሽ ማንም አይነካም!»

«እትዬ፣ እንግዳ እኮ መሬት ሊተኛ ነው።»

«ይተኛ። አይነካም ብያለሁ።»

ሴቶቹ ተያዩ። አንዷ ሐዘን ነው አለች፣ ሌላዋ ስስት ነው አለች። አቶ ወርቅአገኘሁ ግን ከድንኳኑ አፍ ሆነው የሴትየዋን ዓይን አዩ። ሐዘንም ስስትም አልነበረም። ፍርሃት ነው። ጎረቤት ሳይታሰብ ወደ ጓሮ ሲዞር፣ አንሶላው ተሰጥቶ ሳለ፣ እሳቸውን የሚይዛቸው ያ ፍርሃት። ልባቸው ድንግጥ አለ፤ ለምን እንደሆነ ለራሳቸውም ሊነግሩት አልደፈሩም።

ፀሐይ ሳትታይ ቀኑ አለቀ። ገለባው ተስተካከለ፣ ፍራሹ ይነጠፍ ጀመር። አቶ ገብረመንፈስቅዱስ ላሞቻቸውን ሊያስገቡ ተነስተው፣ ጋቢያቸውን እየተከናነቡ፣ ሰው ሁሉ በሚሰማው ድምፅ «ወርቄ፣ የመጨረሻዋ መኪና ልትሄድ ነው። እንዳታመልጥህ» ብለው ወጡ። አቶ ወርቅአገኘሁ ቆሙ። ቢሄዱ ወንድሙን እስከ መቃብር የጠላ ተብለው መኖራቸው ነው፤ ቢያድሩ ደግሞ ማለዳ ዘመድ በተሰበሰበበት፣ ከእንግዶች መሃል፣ ረጥበው መነሳታቸው ነው። ሞት ከዚህ ይሻላል አሉ በልባቸው። ቦርሳቸውን አነሱና ሊሰናበቱ ወደ እትዬ አልታየች ሄዱ። ሴትየዋ የተዘረጋላቸውን እጅ አልጨበጡም፤ እጅጌያቸውን ይዘው ወደ ጓዳው ሳቧቸውና በሩን ዘጉ።

መጀመሪያ የተቀበላቸው ሽታው ነው። አሪቲ። ከአሪቲው ሥር ደግሞ አሪቲ የሚያለዝበው፣ ግን መቼም የማያሸንፈው ያ ሌላ ሽታ። አቶ ወርቅአገኘሁ ለአፍታ የገዛ ቤታቸው የገቡ መሰላቸው። አንሶላውን ገለጡ። ከማዳበሪያ ከረጢት ውስጥ የሚወጣው ወፍራም ላስቲክ ተደርቦ ተነጥፏል፤ ጠርዙ ከፍራሹ ሥር ገባ ገባ ተደርጓል፣ ልክ እሳቸው እንደሚያደርጉት። ጎንበስ ብለው ከአልጋው ሥር አዩ። አፈ ሰፊ ጠርሙስ። የሞተው ሰው አልጋ ላይ ቁጭ አሉ፣ ላስቲኩ ከሥራቸው ተንኮሻኮሸ።

«ከመቼ ጀምሮ ነው?»

«አዛለች ሳትሞት በፊት ነው» አሉ እትዬ አልታየች በሹክሹክታ። «አልጋ ቤት አደረ ብለህ አይደል የተቀየምከው? አልጋውን በከንቱ ነው የተከራየው። የሰው ፍራሽ አበላሻለሁ ብሎ ወንበር ላይ ተቀምጦ ነው ሁለቱንም ሌሊት ያነጋው።»

«ለምን አልነገረኝም? ለእኔ?»

«ለአንተማ ጨርሶ አይሆንም አለ። ልጅ ሳለን ስቄበታለሁ፣ ዛሬ በምን አፌ አለ።»

አቶ ወርቅአገኘሁ ረስተውት ነበር፤ ወይም የረሱት መስሏቸው ነበር። ልጅ ሳሉ ሁለቱ ወንድማማቾች በአንድ ቁርበት ላይ፣ በአንዲት ጋቢ ሥር ይተኙ ነበር። ታከለ ታላቅ ነውና ሁልጊዜ ደጃፍ በኩል ነው፤ ጅብ ቢገባ መጀመሪያ እኔን ነው የሚበላ፣ አንተ ትሮጣለህ ይል ነበር። ማለዳ ግን ቁርበቱን የሚያረጥበው ወርቅአገኘሁ ነው። ታከለ ዘፈን አወጣለት፤ «በጋ ነው፣ ክረምት ነው፣ ወርቄ ቤት ዝናብ ነው።» የሰፈሩ ልጅ ሁሉ ተቀበለው። ወርቅአገኘሁ አድጎ፣ ትቶት፣ አግብቶ፣ ወልዶ፣ ጡረታ ወጥቶ ዘፈኑ ከጆሮው ጠፋ። ከታከለ ጆሮ ግን አልጠፋም ኖሯል። ያንን ዘፈን ያወጣ አፍ ተመልሶ «እኔም እንዳንተ ሆንኩ» ማለት አቃተው፤ ከዚያ ይልቅ ክፉ መባልን መረጠ።

«እስክሞት ለማንም እንዳትነግሪ ብሎ አስምሎኛል» አሉ እትዬ አልታየች። «እንግዲህ ሞተ። ባለፈው ሳምንት ደውሎልህ ነበር። እዚሁ፣ አንተ አሁን በተቀመጥክበት፣ ጉሮሮውን ሲጠርግ፣ ሲጠርግ ቆይቶ ነው የደወለ። ምን ሊልህ እንደነበረ አላውቅም። አላነሳኸውም።»

አላነሱም። እራት እየበሉ ነበር፤ የወንድማቸው ስም በስልኩ መስታወት ላይ ሲበራ አዩና ስልኩን ገልብጠው እንጀራቸውን ቆረሱ። ያ ድምፅ ከዚያ ነው ተከትሎ የመጣው። ሊናገር ተዘጋጅቶ፣ ጉሮሮውን ጠርጎ፣ ሳይናገር የቀረ ሰው። በሽታውን የደበቀ መድኃኒት የለውም ይላል ያገራቸው ሰው፤ እነሱ ሁለት ወንድማማቾች አንዱን በሽታ ከሁለት ወገን ደብቀው ነበር የኖሩት።

ቦርሳቸውን ከፍተው ፅጌረዳ የጠቀለለችውን ጋዜጣ ፈቱ። ለሕፃን እንደሚታሰረው ያለ፣ ግን ለትልቅ ሰው የተሠራ ዳይፐር ነው። ከላዩ አንዲት ጭብጥ ደረቅ አሪቲ አስቀምጣለች። አሪቲውን ሳይቀር ታውቃለች። አቶ ወርቅአገኘሁ አሪቲዋን ለረጅም ጊዜ አዩዋት። ከዚያ ተነሱ።

«እትዬ፣ በዚያ በኩል ያዢልኝ።»

«ወዴት ነው?»

«ድንኳን።»

«ሰው ያየዋል!»

«ይየው።»

ፍራሹን ከነላስቲኩ ተሸክመው ወጡ። ላስቲኩ በየእርምጃው ይንኮሻኮሻል፤ ድንኳኑ ውስጥ የነበረው ወሬ ቀስ በቀስ ጠፋ። አቶ ወርቅአገኘሁ ከድንኳኑ አፍ ደጃፍ በኩል የአንድ ሰው ቦታ ትተው ፍራሹን አነጠፉ፤ ላስቲኩን ሰው እያየ በመዳፋቸው አስተካከሉ። ቀና ሲሉ ሁሉም እሳቸውን ነበር የሚያየው።

«ስሙኝ» አሉ። ድምፃቸው ደርቆ ነበር። «እኔ ሌሊት ሽንቴ ያመልጠኛል። ትናንት የሄድኩት ለዚህ ነው። ውሃ አልጠጣም ያልኩትም ለዚህ ነው። ወንድሜን ተጸይፌ አይደለም። ዛሬ አድራለሁ። የሚከብደው ሰው ካለ ፍራሹን ራቅ ያድርግ።»

ማንም አልተንቀሳቀሰም። ከለሚ የመጣው አንዱ ሽማግሌ ጉልበቱን አቀፈና መሬት መሬት አየ። ከሁሉ በፊት አፏን የከፈተችው፣ ቀኑን ሙሉ አፏን ሸፍና የዋለችው ወለተሐና ናት።

«ጋሽ ታከለስ?» አለች በቀስታ። «ያኔ፣ የአዛለች ለቅሶ ጊዜ?»

አቶ ወርቅአገኘሁ የራሳቸውን እንጂ የሌላውን መናገር አልሆነላቸውም። እትዬ አልታየች ግን ከድንኳኑ አፍ ቆመው «እሱም» አሉ። ወለተሐና ፊቷን በሻርፗ ሸፍና ማልቀስ ጀመረች፤ ቀጥሎ ሌሎቹ ሴቶች። ታከለ በትክክል የተለቀሰለት ያን ጊዜ ነው ቢባል ውሸት አይሆንም።

«እትዬ፣ ውሃ ስጪኝ» አሉ አቶ ወርቅአገኘሁ።

በታከለ ጣሳ አመጡላቸው። እስከ ግማሽ ጠጡ፣ ተነፈሱ፣ ቀሪውን ጨረሱ፣ ጣሳውን መልሰው ድገሚኝ አሉ። ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ የሚባለው ለእኔ ነው ብለው አሰቡ፤ ውሃው ግን ጣፈጣቸው። ፍራሻቸው ላይ ጋደም አሉ። በቀኛቸው ከሰላ ድንጋይ የመጣው እንግዳ ብርድ ልብሱን ዘርግቷል፤ ፈቅ አላለም። በግራቸው፣ ደጃፍ በኩል፣ የተውት ቦታ ባዶውን ነው። ገለባው ላይ የማንም ጎን አላረፈበትም።

ከድንኳኑ ውጭ ሰው ጉሮሮውን ጠረገ። «እህህ።»

በዚህ ጊዜ ሌሎቹም ሰምተዋል፤ እንግዳው ቀና ብሏል። የድንኳኑ ሸራ ተገለጠ። ከጉሙ ውስጥ ብቅ ያሉት አቶ ገብረመንፈስቅዱስ ናቸው። ምን ያህል ጊዜ ሸራው ሥር ቆመው እንደሰሙ እግዜር ይወቅ። ማንንም አላዩም፣ ለማንም ሳይሆን «ላሞቹ ገብተዋል» አሉ። ክንዳቸው ሥር አንድ ነገር ጠቅልለው ይዘው በጋቢያቸው ሸፍነውታል፤ ሲራመዱ እንደ ላስቲክ ተንኮሻኮሸ። ያ ምላጭ ምላሳቸው ዛሬ የት እንደገባ አይታወቅም። ባዶውን ቦታ በአገጫቸው አመለከቱ።

«ወርቄ፣ ሰው አለው?»

አቶ ወርቅአገኘሁ ወደ ቦታው ዞሩ። አለው ሊሉ አፋቸውን ከፍተው ነበር። ገለባውን አዩት፣ ደጃፉን አዩት፣ ከደጃፉ ወዲያ ያለውን ጉም አዩት።

«የለውም» አሉ፣ ፈቅ እያሉ። ያን ጊዜ ነው ያለቀሱት።